ማይግሬንን ለመከላከል ሰፕሊመንት በሥርዓት እንዴት ይወሰዳል?

ለማይግሬን ብለው ማግኒዚየም ወይም ቫይታሚን ቢ2 ጀምረው «ምንም አልጠቀመኝም» ብለው የተዉ ሰዎች አወሳሰዳቸው ሲመረመር፣ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ወይ የወሰዱት መጠን በጥናት ከተሞከረው በብዙ ያነሰ ነበር፣ ወይ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አቁመዋል፣ ወይም ከመጀመራቸው በፊት በወር ስንት ቀን ያማቸው እንደነበር ባለመጻፋቸው መሻል አለመሻላቸውን የሚለኩበት ነገር አልነበራቸውም። ተሽሎኛል የሚሉትም ቢሆኑ ከዚህ ከመጨረሻው ችግር አያመልጡም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሰፕሊመንትን የሚያየው እንደ ተአምር ወይም እንደ ከንቱ ነገር ሳይሆን፣ መነሻ፣ መጠን፣ የጊዜ ገደብና የውሳኔ ቀን እንዳለው ሙከራ ነው።

ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር ይታወቅ። አንደኛ፣ እዚህ የሚጠቀሱት ሁሉ ለመከላከያ እንጂ ለማስታገሻ አይደሉም፤ የሚወሰዱት ራስ ምታቱ ቢኖርም ባይኖርም በየቀኑ ነው፣ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ቢዋጡ ምንም አያደርጉም። ሁለተኛ፣ መጠኖቹ ለአዋቂዎች የተባሉ ናቸው፤ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሠሩም።

ደረጃ 1፦ ሕመሙ ማይግሬን መሆኑን ያረጋግጡ

ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን የሚነሣ፣ ትር ትር የሚል፣ በእንቅስቃሴ የሚብስ፣ ማቅለሽለሽን እንዲሁም ብርሃንና ድምፅ መጥላትን የሚያስከትል፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ሕመም ነው። ከዚህ የተለየና አደገኛ በሽታን የሚጠቁም ራስ ምታት ግን አለ፤ በቅጽበት ተነሥቶ እስካሁን ከታወቀው ሁሉ የከፋ የሆነ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ እጅ ወይም እግር የሚያዝል፣ አንደበት የሚያስር፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የጀመረ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ራስ ምታት ያለበት ሰው ስለ ሰፕሊመንት ማሰቡን ትቶ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚውጡትን ማስታገሻ አይደብቁ። ፓራሲታሞል፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ወይም ትሪፕታን (ለማይግሬን የሚሰጥ ማስታገሻ)፣ ኮዴይን ያለባቸውንና ከብዙ ነገር የተቀላቀሉ ማስታገሻዎችን በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት የሚያመጣበት ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ማስታገሻውን በሐኪም ክትትል ሳይቀንስ ማግኒዚየም ቢጨምርበት፣ ከማግኒዚየሙ የሚያገኘው ጥቅም ቢኖር እንኳ በማስታገሻው ጉዳት ተሸፍኖ አይታይም። የሀገራችን ሰው ማስታገሻ በቀላሉ ከፋርማሲ ስለሚገዛ ይህን ነጥብ አልፎ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ አያዋጣም።

ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ሌላም አለ። የኩላሊት ችግር ካለ ማግኒዚየም በደም ውስጥ ሊጠራቀም ስለሚችል የኩላሊት ምርመራ ውጤት መታየት አለበት። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ፣ እርግዝና ወይም የማርገዝ ሐሳብ፣ እንዲሁም ማንኛውም የባህል መድኃኒት መነገር አለበት፤ ቅጠል ነውና ከመድኃኒት አይቆጠርም ብሎ ዝም ማለት ተገቢ አይደለም። ከሰፕሊመንት ጋር ባይገናኝም ሴቶች አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ከራስ ምታቱ በፊት ዓይናቸው ላይ የሚያብለጨልጭ ወይም የተሰባበረ መስመር የመሰለ ነገር የሚታያቸው ከሆነ፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ለእነሱ የስትሮክን አደጋ ስለሚጨምር ሌላ ዘዴ ያስፈልጋቸው ይሆናል።

ለመከላከያ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላቸው ሰዎች «አሁን ቫይታሚን ጀምሬያለሁ» ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ። በተለይ ፕሮፕራኖሎልን በድንገት ማቆም ልብን ሊጎዳ ይችላል።

ደረጃ 2፦ መነሻዎን በጽሑፍ ይያዙ

ምንም ሳይጀምሩ ቢያንስ ለ1 ወር፣ ቢቻል ለ2 ወር፣ በየቀኑ ማታ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ዛሬ አሞኛል ወይስ አላመመኝም፤ ካመመኝ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ ነበር፤ ማስታገሻ ወስጃለሁ ወይ፤ እንዲሁም የተለየ ነገር ነበር ወይ (የወር አበባ፣ የእንቅልፍ ማነስ፣ ጾም፣ የቡና መቅረት)። ከዚህ በላይ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከጳጉሜን በስተቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ የጥቅምትን ከጥር ጋር ማነጻጸር ቀጥተኛ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩና የሚኖሩበትን አገር አቆጣጠር የሚከተሉ አንባቢዎች ደግሞ 28 28 ቀን አድርገው ቢከፍሉት ወሮቹ እኩል ይሆኑላቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምክንያት ልጨምር። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው ሕመሙ እጅግ በባሰበት ወር ነው፤ ማይግሬን ደግሞ በባሕርዩ ይብሳል፣ ተመልሶም ይቀላል። ስለዚህ ያ ክፉ ወር ካለፈ በኋላ ምንም ባይወሰድ እንኳ የተሻለ ወር መምጣቱ አይቀርም፣ ምስጋናውም በእጅ ላይ ላለው ብልቃጥ ይሰጣል። መነሻውን 2 ወር ማድረግ ይህን ስሕተት ይቀንሳል።

የጾም ጊዜም በጥንቃቄ ይታይ። ምግብ ሳይቀምሱ መዋል፣ የውኃ ማነስና የጠዋት ቡና መቅረት በብዙ ሰዎች ላይ ማይግሬንን ይቀሰቅሳሉ። መነሻው በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ተጽፎ፣ ውጤቱ ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ባለው ወር ቢለካ፣ የታየው መሻሻል የጾሙ ማብቃት እንጂ የሰፕሊመንቱ ሥራ ላይሆን ይችላል። በጾም የሚብስበት ሰው መነሻውንም ውጤቱንም ከጾም ውጭ በሆነ ወር ቢያደርግ ይመረጣል።

ደረጃ 3፦ አንድ ብቻ ይምረጡ

ሁለትና ሦስት ሰፕሊመንት በአንድ ቀን መጀመር የጠቀመውን ከማይጠቅመው፣ ተቅማጥ ያመጣውንም ከማያመጣው ለመለየት ያስቸግራል፤ ወጪውም ለዘለቄታው ይደራረባል።

*ቫይታሚን ቢ2 (ሪቦፍላቪን)።* በእኔ ግምት ለአብዛኛው ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጉዳቱም አነስተኛ ነው። የተሞከረው መጠን በቀን 400 ሚሊ ግራም ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ተመራማሪዎች መሪነት 55 ሰዎች ላይ በተደረገ የ3 ወር ጥናት፣ ቢ2 ከወሰዱት 59 በመቶዎቹ የሕመማቸው ቀን ቢያንስ በግማሽ ሲቀንስላቸው፣ ለማነጻጸሪያ ባዶ (መድኃኒት የሌለበት) ክኒን ከወሰዱት ግን ይህ የሆነላቸው 15 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ሳንረሳ ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም። የሚሠራበት መንገድ በሴሎች ውስጥ ኃይል ከሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ በማይግሬን ሕሙማን አንጎል ውስጥ የኃይል አቅርቦቱ ደከም ያለ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ።

እዚህ ላይ የመጠን ጉዳይ በደንብ ይታይ። ጤነኛ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ቢ2 ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለማይግሬን የሚወሰደው ከዚህ 300 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ከጎመን ሊገኝ አይችልም፤ ከተለመደው የቢ ኮምፕሌክስ ክኒንም አይገኝም፣ በእሱ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ግራም ነውና። ለነርቭ ተብለው የሚሰጡት ቢ1፣ ቢ6ና ቢ12 ብቻ ያለባቸው ክኒኖች ደግሞ ቢ2 ጭራሽ የላቸውም፤ እነሱን እያበዙ 400 ለመድረስ መሞከር ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው፣ ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ስለሚጎዳ። ቢ2 ሽንትን ደማቅ ቢጫ ያደርጋል፤ ይህ የቫይታሚኑ ቀለም እንጂ የጉበት በሽታ ምልክት አይደለም፣ አያስደንግጥዎ።

*ማግኒዚየም።* የነርቭ ሴሎችን ከመጠን ያለፈ መነቃቃት ስለሚያረግብ ለማይግሬን ብዙ ተጠንቷል። በ1996 እ.ኤ.አ. በጀርመን 81 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን 600 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም የወሰዱት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሕመሙ መነሣት በ41.6 በመቶ ሲቀንስላቸው፣ በባዶ ክኒን የቀነሰው በ15.8 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ፣ ሌላ ዓይነት የማግኒዚየም ውሕድ የሞከረ ጥናት ግን ምንም ጥቅም አላገኘም። የተለመደው የመከላከያ መጠን በቀን ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በአሜሪካ ለአዋቂዎች ከሰፕሊመንት እንዲወሰድ ከተመደበው የ350 ሚሊ ግራም ጣሪያ የሚያልፍ በመሆኑ ያለ ሐኪም ዕውቅና አይጀመርም፤ የኩላሊት ሕመም ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው የጡንቻ መድከም በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በራሱ ውሳኔ ፈጽሞ አይጀምረው። ከወር አበባ ጋር እየተያያዘ ማይግሬን ለሚነሣባቸውና የሆድ ድርቀት ላለባቸው ሴቶች ከቢ2 በፊት ማግኒዚየምን ማሰብ ተገቢ ነው።

ማግኒዚየም ከቢ2 በተለየ ከገበታችንም ይገኛል። ጤፍ በ100 ግራም እህል 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ቅጠላ ቅጠልም ጥሩ ምንጮች ናቸው። እንጀራና ሽሮ የሚመገብ ሰው ነጭ ዳቦና ፓስታ ከሚያዘወትር ሰው የተሻለ ማግኒዚየም ያገኛል ማለት ነው፤ ይሁንና በጥናቶቹ የተሞከረው መጠን ከምግብ በተጨማሪ የተወሰደ ነበር።

*ኮኤንዛይም ኪው10።* ይህም ከሴል ኃይል ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 42 ሰዎች ተሳትፈው፣ 100 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከወሰዱት 47.6 በመቶዎቹ የሕመማቸው ድግግሞሽ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስላቸው፣ በባዶ ክኒን ይህ የታየው በ14.4 በመቶዎቹ ነበር። ዋጋው ከሦስቱ ከፍተኛው ስለሆነ መጀመሪያ የምመርጠው አይደለም። የዋርፋሪንን ኃይል ሊቀንስ ስለሚችል ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ይለፉት።

ከዕፀዋት ወገን ስማቸው ስለሚነሣ ሁለት ብቻ ልጥቀስ። ባተርበር የተባለው ተክል በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ውስጥ ከፍተኛውን የማስረጃ ደረጃ አግኝቶ ነበር፤ በ2015 ግን ጉበትን እንደሚጎዳ ስጋት በመፈጠሩ አካዳሚው ያንን መመሪያ አነሣው። ዛሬም በኢንተርኔት ይሸጣል፤ አይግዙት። ፊቨርፊው ደግሞ በዚያው መመሪያ «ሳይጠቅም አይቀርም» ከተባሉት አንዱ ቢሆንም ነፍሰ ጡሮች ፈጽሞ ሊወስዱት አይገባም፣ ደም ከሚያቀጥኑ መድኃኒቶችም ጋር አይስማማም።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን አንብበው ይግዙ

በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ብቃቱ ተመርምሮ አይፈቀድም። ስለዚህ ከዚያ የሚላክልዎ ብልቃጥ ላይ የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ (የምርት ጥራት የሚመረምሩ ድርጅቶች) ማኅተም መኖሩን ላኪውን ይጠይቁ፤ ማኅተሙ በውስጡ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን መኖሩን ያሳያል እንጂ ለማይግሬን ይጠቅማል ማለት አይደለም። አገር ውስጥ ሲገዙ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ይሁን፣ የሚያበቃበት ቀንም ይታይ። ዘመድ ሻንጣ እንዲቀለው ክኒኑን በላስቲክ ገልብጦ እንዳያመጣ አስቀድመው ይንገሩት፤ ስም፣ መጠንና ቀን የሌለው ክኒን መጣል እንጂ መዋጥ የለበትም።

በጀርባው ጽሑፍ ላይ ሁለት ቁጥር ይፈልጉ። የመጀመሪያው የተጻፈው መጠን የስንት ክኒን እንደሆነ ነው፤ ፊት ለፊት «400» የሚል ብልቃጥ በጀርባው ያ መጠን የ2 ወይም የ3 ክኒን ድምር መሆኑን ሊገልጽ ይችላል። ሁለተኛው ማግኒዚየምን ብቻ ይመለከታል፦ ቁጥሩ የንጹሑ ማግኒዚየም ነው ወይስ የውሕዱ? ለምሳሌ 400 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ኦክሳይድ ውስጥ ያለው ንጹሕ ማግኒዚየም 241 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ማግኒዚየም ሲትሬት ደግሞ ከክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ማግኒዚየም የሆነው። ኦክሳይድ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን አንጀት በደንብ አይቀበለውም፤ ሲትሬት የተሻለ ይገባል፣ ሆድን ግን ያላላል፤ ግላይሲኔት ለሆድ የሚለሰልሰው ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

የክኒኑ ሽፋን ለጿሚዎችም ለሙስሊሞችም ጉዳይ ነው። ለስላሳ ካፕሱሎች፣ በተለይም የኮኤንዛይም ኪው10፣ ብዙ ጊዜ የሚሸፈኑት ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ በሚወጣ ጄላቲን ነው። ይህ የማይስማማዎ ከሆነ ጠጣር ክኒን ወይም ሽፋኑ ከዕፀዋት የተሠራ ካፕሱል ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ያደላድሉ

ቢ2ን በቀን አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ይውሰዱ። ኮኤንዛይም ኪው10 በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ዘይት ካለበት ምግብ ጋር ይወሰድ፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ስለሚነሣ የመጨረሻው ክኒን ከራት አይዘግይ። ማግኒዚየምን ግን በአንዴ በሙሉ መጠን አይጀምሩ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ማታ ከራት ጋር 200 ሚሊ ግራም ወስደው ሆድዎ ከተቀበለው ወደ 400 ከፍ ያድርጉ፣ ለጠዋትና ለማታም ይክፈሉት። ሰገራ ከላላ መጠኑን ይቀንሱ ወይም የውሕዱን ዓይነት ይለውጡ። ለጨጓራ የሚወሰዱ ብዙ ፀረ አሲዶች ማግኒዚየም እንዳላቸው አይዘንጉ፤ ጨጓራውንም ማይግሬኑንም የሚያስታምም ሰው ሁለቱን መደመር አለበት።

ማግኒዚየም ሌሎች መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ አስሮ እንዳይገቡ ያደርጋል፤ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይህ ነው። ለኤችአይቪ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ከማግኒዚየሙ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መውሰድ አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ሊወርድ ስለሚችል ክትትል የሚያደርጉለትን ባለሙያዎች ሳያማክር አይጀምር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮች በታዘዙበት ሰሞን ቀላሉ መንገድ አንቲባዮቲኩን እስኪጨርሱ ማግኒዚየሙን ማቆም ነው። ለእንቅርት ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ደግሞ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይጠብቁ፤ አንዱን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሌላውን ማታ ቢያደርጉት ችግር አይኖርም።

በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ቢ2ውን ከሚያፈጥርበት ምግብ ጋር፣ ማግኒዚየሙን ከራት ጋር ማድረግ ይችላል፤ በረመዳን ደግሞ አፍጥርና ሱሁር ለሁለቱ ይበቃሉ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ኮኤንዛይም ኪው10 ለዚህ ስለማይመች ከጾሙ በኋላ ቢጀመር ይሻላል።

አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ደርበው አይውሰዱ። የረሱትን ቀን ግን ማስታወሻው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚረሳ ሰው የሚያገኘው ውጤት ስለ ሰፕሊመንቱ ብዙ አይናገርም።

ደረጃ 6፦ በ3ኛው ወር መጨረሻ ይወስኑ

በመጀመሪያው ወር ለውጥ ባይታይ ተስፋ አይቁረጡ፤ ቢታይም ገና አይደምድሙ። ሙሉ መጠን ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ 3 ወር ሲሞላ፣ የሦስተኛውን ወር የሕመም ቀናት ከመነሻው ወር ጋር ያነጻጽሩ፤ ማስታገሻ የወሰዱባቸውን ቀናትም እንዲሁ። በመነሻው 10 ቀን ያመመው ሰው በሦስተኛው ወር 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነለት ሰፕሊመንቱ እንደሠራለት ሊቆጥረው ይችላል። ከ10 ወደ 7 ከወረደና ማስታገሻውም በዚያው ልክ ከቀነሰ መቀጠሉ ያዋጣ እንደሆነ ከዋጋው ጋር ይመዝነው። 9 ወይም 10 ላይ ከቆመ ያቁም፤ «ትንሽ ልጨምርበት» ብሎ መጠኑን ከተባለው በላይ ማውጣት አይገባም።

ያልሠራለት ሰው ያንን አቁሞ፣ ቀጣዩን እንደ አዲስ ከመነሻ ወር ጀምሮ መሞከር ይችላል። በከፊል የጠቀመው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ሳያቋርጥ ሁለተኛ መጨመር ይችላል፤ ለምሳሌ ከቢ2 ላይ ማግኒዚየም፣ እሱንም በተራው ለ3 ወር። የሠራለት ሰው ከ6 እስከ 12 ወር ከቀጠለ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያቁምና ሕመሙ ይመለስ እንደሆነ በዚያው ማስታወሻ ይከታተል፤ ብዙ ሰው ያለ ክኒኑም ደህና ሆኖ ሳለ ልማድ ሆኖበት ለዓመታት ይገዛል።

ሁለት ሰፕሊመንት በሙሉ መጠንና ጊዜ ሞክሮ አሁንም በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ ከባድ ሕመም የሚነሣበት ሰው ሦስተኛ ብልቃጥ ከመፈለግ ይልቅ ማስታወሻውን ይዞ ወደ ሐኪም ይመለስ፤ በሐኪም የሚታዘዙ የመከላከያ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪሙም የወራቱን ጽሑፍ ሲያይ ከየትኛው እንደሚጀምር በቶሎ ይወስናል።